የሰባት ቁጥሩ የመጨረሻ ገጽ

ውድ መምህርት፣

ከ«ውድ» ቀጥሎ አንድ ቃል ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ወረቀቱን ወደ መስኮት ይዘው ለማየት አይልፉ፤ የአናጢ እርሳስ ወፍራም ነው፣ ደህና አድርጌ አጥቁሬዋለሁ። ሌላ ወረቀት እንዳልቀይር ደግሞ ይሄ አራተኛዬ ነው፣ እጄም ዝሏል።

እንዴት ሰነበቱልኝ? የእህትዎስ እግር እንዴት ሆነ? እኔ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ከሚያሰማው ጩኸት በቀር ምንም አልል።

አነበብኩት መምህርት። የተዉልኝን የመጨረሻውን ገጽ በገዛ ዓይኔ፣ ማንም ሳያነብልኝ አነበብኩት። «ይህን ካነበቡ ይጻፉልኝ» ብለዋል። ይኸው ጻፍኩ። አራት ወር ፈጀብኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይቅርታ የምጠይቅበት ሌላ ትልቅ ነገርም አለ። እሱን ለማለት ነው እንዲህ ዙሪያውን የምዞረው። ካልኩት በኋላ ደግሞ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። በልመና አልታወቅም፤ ስለዚህ ትንሽ ይታገሡኝ።

ፀጉር አስተካካዩ፣ ያ ከጎኔ ይቀመጥ የነበረው ነገረኛ፣ ትናንት ወርክሾፕ መጥቶ ስጽፍ አገኘኝ። «ለምን ትለፋለህ? በስልክ ላክላቸው፣ በአንዲት ሰከንድ ትደርሳለች» አለኝ። «ልጽፈው አራት ወር የፈጀብኝን ነገር በአንድ ሰከንድ ይድረስ?» አልኩት። ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። አሁን እሱ የለም፣ በሩም ተዘግቷል፣ እንጫወት።

የመጀመሪያውን ቀን ያስታውሱታል? ልጄ ናት ሳትጠይቀኝ ያስመዘገበችኝ። የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው። ስማርት ስልክ ልካልኝ ስድስት ወር ሙሉ ከነካርቶኑ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ካርቶኑ ላይ ብሎን አስቀምጥበት ነበር። «አባዬ፣ ፊትህን እያየሁ ማውራት እፈልጋለሁ» ትለኛለች። «ፊቴ ያው ነው፣ አልተቀየረም» እላታለሁ። በመጨረሻ በሰፈራችን አዳራሽ ለጡረተኞች ኮምፒውተር እንደሚያስተምሩ ሰማች። የተቆጣሁት ቁጣ ለጉድ ነው። የሄድኩት እውነቱን ልንገርዎትና ለመማር አይደለም፤ ተመልሼ «አየሁት፣ የማይረባ ነገር ነው» ልላት ነው።

ሰባት ቁጥር ኮምፒውተር ላይ አስቀመጡኝ፣ መስኮቱ ሥር። እጄን ጠረጴዛው ላይ ባሳርፍ ተወዛወዘ። እርስዎ ስለ ማውስ ያስረዳሉ፣ እኔ ጠረጴዛ ሥር ገብቻለሁ።

«ጋሼ፣ የት ገቡ?» አሉ።

«ይሄ እግር አጥሯል» አልኩ ከሥር ሆኜ።

«ኮምፒውተር ሊማሩ ነው የመጡት ጠረጴዛ ሊጠግኑ?»

«የሚንገዳገድ ነገር ላይ ተቀምጬ ምንም አልማርም።»

በሚቀጥለው የትምህርት ቀን መጋዜንና ኮላዬን ይዤ መጥቼ አሥራ ሁለቱንም ጠረጴዛ አስተካከልኩ። ያን ቀን በእኔ ምክንያት ትምህርት ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን ያባርረኝ ነበር። እርስዎ ወንበር ስበው ተቀመጡና መላጊያዬ የሚጥለውን ፍቅፋቂ እያነሱ በጣትዎ ላይ እየጠቀለሉ አዩኝ። ሲሄዱ አንዱን ቦርሳዎ ውስጥ ሲከቱት አይቻለሁ። ያላየሁ መስሎዎት ይሆናል።

ከዚያ ኪቦርድ መጣ። እርስዎ በጽሕፈት መኪና የሰው ደብዳቤ ሲመቱ ኖረው ጡረታ የወጡ ነዎት፣ አሥሩም ጣትዎ ይሮጣል፤ እኔ በአንድ ጣት ነው፣ ግን ያ ጣት ሃምሳ ዓመት ሥራ የሠራ ጣት ነው። ፀጉር አስተካካዩ «ኧረ ወንድሜ፣ ምስማር አይደለም!» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሜ መዶሻ ሆኖ ቀረ። ጡረተኛዋ ነርስ እንኳ፣ ያቺ ጨዋ ሴት፣ «አቶ መዶሻ» ትለኝ ጀመር። እርስዎ ብቻ ነበሩ «ጋሼ» የሚሉኝ። እሱም ቢቀር ደስ ባለኝ፤ በሁለት ዓመት ብበልጥዎ ነው።

ክርክራችን ነው የናፈቀኝ። አፕዴት የሚባለውን ነገር እስከ ዛሬ አልተቀበልኩትም፣ ልንገርዎት። የቤቴን በር የሠራሁት ልጄ ሳትወለድ ነው። አንድም ቀን ከሥራ ስመጣ «በሩ እየታደሰ ነው፣ እባክዎ ውጭ ይጠብቁ» ብሎኝ አያውቅም። ይሄን ስልዎት፣ «ሌባ አዲስ ዘዴ ባመጣ ቁጥር ቁልፉም መታደስ አለበት ጋሼ» አሉኝ። «ታዲያ መጀመሪያውኑ ደህና ቁልፍ አይገጥሙለትም? እኔ ነገ ተመልሼ የማጠብቀውን ማጠፊያ ዛሬ ገጥሜ አላውቅም» አልኩ። መልስ ሲያጡ አፍዎን በመሐረብ ይዘው ይስቃሉ። መልስ የሚያሳጣ ነገር ቤቴ ቁጭ ብዬ አስብ እንደነበር ያውቃሉ?

«እስማማለሁ» የሚለውስ? ከላይ ወረቀቱ መቼም አያልቅም፣ ከታች አንዲት ሳጥን።

«ካልተስማማሁስ?» አልኩዎት።

«አይከፈትም።»

«ታዲያ ምን ሊያደርግ ጠየቀኝ?»

«ጨዋ ለመምሰል ነዋ» አሉ። ያንን ለሰው ሁሉ አውርቼዋለሁ፤ የእርስዎ ነው ሳልል።

ሮቦት አለመሆኔን አረጋግጥ ያለኝ ዕለትማ ልነሣ ነበር። ሰባ አንድ ዓመት የኖርኩ፣ ሚስት አግብቼ የቀበርኩ፣ ልጅ ያሳደግኩ ሰው፣ አንድ ዕቃ ተነሥቶ ዕቃ አለመሆንህን አሳየኝ ይለኛል! የትራፊክ መብራት ያለበትን ፎቶ ምረጥ አለኝ፣ ሦስት ጊዜ ወደቅኩ። ፀጉር አስተካካዩ «በቃ መዶሻ፣ ሮቦት ነህ ማለት ነው። ለልጅህ እኔ ላርዳት?» አለኝ። የፓስወርዱ ጊዜም ያው ነው። ሌላው በሚስጥር ሲጽፍ እኔ «ሁለት መቶ አሥር በዘጠና» ብዬ ጮህኩ። «ጋሼ፣ ለሰው አይነገርም!» አሉኝ ደንግጠው። «የቤቴ በር ልክ ነው፤ የፈለገ መጥቶ ይለካው» አልኩ። ኩራቴ እንዲህ ነበር።

የወደድኩትም ነበር፣ ሐሰት አልናገርም። ያቺን ወደ ኋላ የምትመልሰዋን ቀስት። እንጨት አንዴ ካጠረ አጠረ ነው፤ ሃምሳ ዓመት በዚህ ፍርሃት ሠርቻለሁ። ይቺ ቀስት ግን የተሳሳቱትን እንዳልነበረ ታደርገዋለች። መጀመሪያ ያሳዩኝ ቀን ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድ ነገር እያበላሸሁ መለስኩ፣ እያበላሸሁ መለስኩ። መጥተው «ምን እየሠሩ ነው?» አሉ። «እየተሳሳትኩ» አልኩ። «እንኳን ደስ ያለዎት» ብለውኝ አለፉ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ከላይ ያለውን ቅዳሜ ነው የጨረስኩት። ሁለት ቀን ያረፍኩት እጄ ስለዛለ ብቻ አይደለም፤ አሁን የሚመጣው ስለሚከብደኝ ነው።

ማንበብ አልችልም ነበር መምህርት። እርስዎ ኋላ አውቀዋል፣ ግን ከእኔ አፍ አልሰሙትምና ይስሙት። ልጅ ሆኜ ፊደል ቆጥሬ ግማሹ ላይ አቆምኩ፤ አባቴ መጋዝ አስያዘኝ። ከዚያ በኋላ አፈርኩ፣ ከዚያም በኋላ አረጀሁ። ባለቤቴ ነበረች የምታነብልኝ። የመድኃኒቱንም፣ የደብዳቤውንም፣ የደንበኛ ትእዛዙንም። በሰው ፊት «ተመልከቺው እስቲ፣ መነጽሬን ረስቻለሁ» እላታለሁ፣ እሷም እንደ ቁም ነገር ትቀበለኛለች። ስድስት ዓመት ሆናት ካረፈች። ከዚያ ወዲህ ቤቴ የሚመጣ ወረቀት ሁሉ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ ልጄ ስትመጣ «እስቲ አስተካክይው» ብዬ ሙሉውን እሰጣታለሁ።

ለእርስዎም ያንኑ አመጣሁ። «መነጽሬን ረሳሁ።» አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። በሦስተኛው ቀን ከመሳቢያዎ አንድ ሣጥን አወጡ፤ አምስት መነጽር! «ተማሪ ሁሉ ስለሚረሳ ሰብስቤያለሁ፣ ይሞክሩ» አሉኝ። አንድ በአንድ አስለኩኝ። አንዱ ጠበበኝ፣ አንዱ አዞረኝ፣ ያ የሴቶቹ ቀዩ ደግሞ ደህና ነበር ግን እንዴት አድርጌ። «የትኛውም አልሆነኝም» አልኩ። ምን ያህል ሊስቁብኝ ይችሉ እንደነበር አሁን ሲገባኝ ላብ ያሰምጠኛል።

ታዲያ ኮምፒውተሩን እንዴት ይዘኸው ነበር ይሉኝ ይሆናል። እንደ ዕቃዎቼ ነዋ። ወርክሾፔ ግድግዳ ላይ እያንዳንዱ ዕቃ ቦታ አለው፤ ከኋላው ቅርጹ በቀለም ተሥሏል። መሮ ስፈልግ አላይም፤ እጄ ራሱ ሄዶ ያነሣዋል። ሰባት ቁጥርንም እንዲሁ አደረግኩት። ከላይ ከግራ ሦስተኛው ማስቀመጫ ነው። ቀስቷ ስድስተኛዋ። ሁለት ቁልፍ ያለው ሳጥን ብቅ ካለ የቀኙን ተጫን። ምን እንደሚል አላውቅም፣ የት እንዳለ ግን ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ። እርስዎም «ጋሼ፣ እጅዎ ፈጠነ» ይሉኝ ነበር፣ ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤት እሄድ ነበር።

ፈተናው ግን በጽሑፍ ነበርና ወደቅኩ። ደግሜ ተመዘገብኩ፣ ደግሜ ወደቅኩ። በሦስተኛው ዙር ግን ነርሷ አዝናልኝ መልሱን ሁሉ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ፤ ማለፍ እችል ነበር። እያወቅኩ ነው የወደቅኩት። ካለፍኩ ሰርተፊኬት ተሰጥቶኝ ልሰናበት አይደል? ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት የት ልሄድ? ሰው እርስዎ ክፍል ለመቆየት ሲል መውደቁን ከዚህ በፊት የነገረዎት ካለ እኔ ሁለተኛ ልሁን።

ለአራተኛ ጊዜ ስመዘገብ «ሰባት ቁጥር እንደተለመደው» ብቻ አሉ። የዓመቱን ፎቶ ሁሉም ለእኔ አደራ ሰጡኝ፤ ለምረቃው ቀን በአዳራሹ ግድግዳ የሚለጠፈውን። ስድሳ ሦስት ፎቶ። ነርሷ ስትስቅ፣ ፀጉር አስተካካዩ አፉን ከፍቶ ሲያንቀላፋ፣ እኔ ከጠረጴዛ ሥር እግሬ ብቻ ሲታይ። እርስዎ ያሉበት አንድ ብቻ ነው፣ ፍቅፋቂው በጣትዎ ላይ ተጠቅልሎ። ማን እንዳነሣው አላውቅም፣ በመጣሁ ቁጥር እሱን ሳላይ አልወጣም ነበር።

ያን ሐሙስ ጠዋት ገባሁ፣ ከፈትኩ፣ ፎቶዎቹን እንዳሳዩኝ ሰብስቤ ያዝኩና ላስቀምጣቸው እጄ ወደ ቦታው ሄደ። ከላይ፣ ከግራ ሦስተኛው። ሳጥኑ ብቅ አለ። የቀኙን ተጫንኩ።

ነጭ ሆነ።

ቀስቷን ፈለግኩ። ስድስተኛው ላይ ሌላ ነገር ተቀምጧል። ሁሉም ቦታ ቦታውን ለቋል። አንድ ሰው ወርክሾፔ ገብቶ ዕቃዬን ሁሉ አዘዋውሮ የሰቀለብኝ ነው የመሰለኝ። እርስዎ ሮጠው መጡ። ያን ጊዜ ያልኩትን እኔም አልረሳሁት፣ እርስዎም አይረሱትም። ልጽፈው ግድ ነው፣ ካልጻፍኩት ይቅርታው ምን ላይ ያርፋል?

«አንቺ ነሽ የነካካሽብኝ!» አልኩ። በሰው ሁሉ ፊት። «ዕድሜሽን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ስትመቺ ኖረሽ፣ ዛሬ አስተማሪ ነኝ ትያለሽ!»

እርስዎ ቀስ ብለው፣ «እኔ አልነካሁትም ጋሼ። ሌሊት አፕዴት ሆኖ ነው። ሳጥኑም ላይ ‘ለሁልጊዜ ይጥፋ?’ ብሎ ጠይቆዎታል እኮ፣ አላነበ…» አሉና ቆሙ። ቃሉን አልጨረሱትም። ዓይኔን አዩኝ፤ ያን ጊዜ ነው ያወቁት። መነጽሩም፣ ፈተናውም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባዎት። እኔም እንደገባዎት አየሁ።

ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞረው «ጥፋቱ የእኔ ነው። መለወጡን ሳልነግራቸው ያስነካኋቸው እኔ ነኝ» አሉ።

ስድቤን ውጠው ገመናዬን ሸፈኑልኝ። እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ? ኮፍያዬን አንሥቼ ወጣሁ። ወንድ ነኝ ብዬ።

ሁለት ሳምንት ቤቴ ተኮራምቼ ተቀመጥኩ። አንድ ወንበር ስልግ ውዬ ምንም ሳይቀረው ጨረስኩት፤ ከወንበር ወደ በርጩማ ወረደ። በመጨረሻ የምለውን አሰናድቼ መጣሁ። «መምህርት፣ በድያለሁ።» አራት ጊዜ መንገድ ላይ ደገምኩት። በሩን ስከፍት እርስዎ በሚቆሙበት ወጣት አስተማሪ ቆማለች።

«መምህርቷስ?» አልኩት ፀጉር አስተካካዩን።

«እህታቸው እግራቸውን ተሰብረው ሊያስታምሙ ሄዱ። ቶሎ የሚመለሱ አይመስለኝም።»

«ምንም አላሉም?»

«ለአንተ? ምን ይበሉልህ? ‘ሰባት ቁጥርን ማንም እንዳይነካ’ ብለው ነው የሄዱት።»

ተቀመጥኩ። ሁሉም ነገር አሁንም ያለቦታው ነው። መሐል ላይ ግን አንድ የማውቀው ነገር አለ። የመዶሻ ሥዕል። ተጫንኩት፤ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ።

«እንደምን አደሩ ጋሼ። እኔና እርስዎ ብቻ ነን፣ ማንም አይሰማንም» አሉኝ።

መምህርት፣ ያን ጊዜ መሐረብ የያዘ ሰው እኔ ነበርኩ።

አርባ ገጽ! መቼ ሠሩት? ማዕዘኑ ላይ ትልቅ ፊደል፣ ከሥሩ ሥዕል፣ ሲነካ ድምፅዎ። «ይቺ ‘መ’ ናት። መጋዝ። መሮ። መላጊያ። መዶሻ። አዩ ጋሼ፣ ሥራዎ ሁሉ በ‘መ’ ነው የሚጀምረው።» ሃምሳ ዓመት እጄ ላይ የኖረውን ነገር ሳላውቀው! ሌላ ሰው ቢያስተምረኝ ስለ በግና ስለ ዶሮ ያስተምረኝ ነበር፤ እርስዎ ምስማርና ኮላ፣ ማጠፊያና ብርጭቆ ወረቀት አመጡልኝ። ስሳሳት አይቆጡም፣ ደግሜ ስነካው ደግመው ይላሉ፣ በዚያው ድምፅ። አንዳንዱን እያወቅኩትም እነካው ነበር።

ትምህርት በሌለበት ቀንም አዳራሹን እያስከፈትኩ በየቀኑ ሄድኩ። መንገድ ላይ የሱቅ ስም ማንበብ ጀመርኩ፤ ስንት ዓመት «ሰማያዊው ሱቅ» የምለው ቤት ለካ ስም አለው። የምወስደው መድኃኒት ከምግብ በፊት ነው ለካ፣ እኔ በኋላ ነበር የምውጠው።

አንድ ቀን ለልጄ መልእክት ጻፍኩ። በየቀኑ ደውላ «በላህ?» ነው የምትለኝ። እኔም ደፍሬ «በልቻለሁ» ብዬ ጽፌ ላክሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደወለች።

«ማነህ? የአባዬን ስልክ የት አገኘኸው?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ አልኩሽ!»

«ደግመህ ጻፍልኝ» አለች። ደግሜ «በልቻለሁ» ብዬ ላክሁላት። ያንኑ ነበር የምችለው።

የመጨረሻው ገጽ ግን አስቸገረኝ። ሥዕል የለው፣ ድምፅ የለው። ነካሁት፣ ዝም። ደጋግሜ ነካሁት፣ ዝም። አፕዴት በላው ብዬ ወጣቷን አስተማሪ ልጠራ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ሆን ብለው ነው የተዉት፣ ገባኝ። በራሴ እንድሄድ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ፎ… ቶ… ዎ… ቹ። በመጀመሪያው ቀን ይቺን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። «ፎቶዎቹ አልጠፉም። ቅጂ ነበረኝ። ይህን ካነበቡ ይጻፉልኝ።» ከሥሩ አድራሻዎ።

ብድግ ስል ወንበሩ ወደ ኋላ ተገለበጠ።

«ምን ሆንክ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አነበብኩ!»

«ምኑን?»

«ምን አገባህ!»

ጨበጠኝና በጆሮዬ «እንኳን ደስ ያለህ። እኔ ቤት ተራ ስትጠብቅ ጋዜጣ ገልብጠህ ስትይዝ ስንት ዓመት አይቼሃለሁ» አለኝ። ሲያውቅ ኖሯል! ያ አፈኛ፣ ከተማውን ሁሉ የሚያማ ሰው፣ ይቺን ብቻ ለማንም አልተነፈሳትም። ያን ቀን ጢሜን እንዲላጭልኝ ፈቀድኩለት።

እንግዲህ ዙሪያውን ዞሬ ደረስኩ። በድያለሁ መምህርት። የሰው ደብዳቤ ስትመቺ ኖረሽ ብዬ የሰደብኩዎት እኔ፣ ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ደብዳቤ ጽፌ የማላውቅ ሰው ነኝ። አሁን ስጽፍ ነው ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ያየሁት። እነዚያን ሁሉ ሰዎች፣ ይቅርታቸውንና ሰላምታቸውን በእጅዎ አሳልፈዋል። ቀስቷ እዚህ ወረቀት ላይ የለችምና ያልኩትን መመለስ አልችልም። ብችልም አልመልሰውም፤ ይታይ፣ ከጎኑ ደግሞ ይቅርታዬ ይታይ።

ልመናዬ ይሄ ነው፣ ይመለሱ።

እህትዎ መራመድ ጀምረዋል ብሎኛል ፀጉር አስተካካዩ፤ ሁሉን ያውቃል። እኔም ባለፈው ሐሙስ ተፈተንኩ። ከአሥራ አምስት አሥራ ሦስት። ማንም ሹክ አላለኝም። ወጣቷ አስተማሪ ሰርተፊኬቱን ስትዘረጋልኝ እጄን ወደ ኋላ አደረግኩ። «እሳቸው ሳይፈርሙበት አልቀበልም» አልኳት። «አባባ፣ የእኔም ፊርማ ይሠራል» አለች። «ለሌላው ይሥራ» አልኩ። መሳቢያዋ ውስጥ ተቀምጧል። ግድግዳውም ባዶ ነው፤ ፎቶዎቹን ይዘው ካልመጡ ምረቃ የሚባል የለም፣ ክፍሉ ሁሉ ተስማምቷል። ይሄኛው መስማማት የእውነት ነው።

ሌላም አለ። ያ የአስተማሪ ጠረጴዛ ለእርስዎ ከፍ ይል ነበር። ሲጽፉ ትከሻዎ ይነሣል፣ ትምህርት ሲያልቅ የእጅዎን አንጓ ያሻሉ። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ጠረጴዛ ሠርቻለሁ። ልክዎን ከየት አመጣህ እንዳይሉኝ፣ የአናጢ ዓይን ነው፤ ክርንዎ ወንበሩ ጀርባ ላይ የሚያርፍበትን ይዤ ነው። ምስማር የለውም። አይንገዳገድም። አፕዴትም አያስፈልገውም።

ልጄ በቪዲዮ ስታየኝ ከኋላዬ አየችው።

«ለማን ነው አባዬ?»

«ለመምህርቴ።»

«አባዬ!»

«ምን አባዬ አባዬ ትያለሽ?»

«እማዬ ብታየው ምን ትል ነበር?» አለች።

«‘ቨርኒሽ አነሰው’ ትል ነበር» አልኳት። እውነቴን ነው፣ ትል ነበር። ልጄ እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች። «እንግዲያው ጨምርበት» አለች። «ደግሞ እሳቸው ሲመጡ ያን ያረጀ ሹራብህን እንዳትለብሰው።» ሹራቡን ለፀጉር አስተካካዩ ሰጠሁት፣ ቨርኒሹንም ጨመርኩ።

ጠረጴዛው አሁን ወርክሾፔ ውስጥ መስኮቱ ሥር ቆሟል። አዳራሹ ውስጥ ይቁም ካሉ በትከሻዬ እወስደዋለሁ። ከአዳራሹ ይልቅ ብርሃኑ እዚህ ይሻላል ካሉም ቦታ አለ፤ ጠዋት ሻይ እዚሁ አፈላለሁ፣ ክርክርም ከኔ አይጠፋም፣ አሁን በወር አንድ ጊዜ ሳይሆን በየቀኑ የሚያበሳጭ አዲስ ነገር እያነበብኩ ነው። አልመጣም ካሉ ደግሞ መኪና ፈልጌ ጠረጴዛውን ደጅዎ ድረስ አመጣዋለሁ። ግትር ነኝ፣ ያውቁኛል።

ያን ቀን «አንቺ» ያልኩዎት በንዴት ነው፣ ቃሉን አበላሸሁት። አንድ ቀን ፈቅደውልኝ በደህናው ብልዎት ደስ ይለኛል። እርስዎም ያን «ጋሼ» ቢተዉልኝ።

አደራዎን፣ ቀይ እስክሪብቶ አያንሡ። ስሕተቴን ይተዉልኝ።

አክባሪዎ፣
መዶሻ፣ የሰባት ቁጥሩ

ይድረስ ብዬ ካጠፍኩት በኋላ መልሼ ከፈትኩት። ከ«ውድ» ቀጥሎ የሰረዝኩትን ቃል ሊያዩ እንደሚሞክሩ አውቃለሁ፤ እኔም እርስዎን ብሆን እሞክር ነበር። ካቃተዎት ያምጡት ወረቀቱን። ጠረጴዛው መሳቢያ አለው፤ መሳቢያው ውስጥ ክፍሉ ትተውት የሄዱትን ያንን ሣጥንዎን ከነአምስቱ መነጽር አስቀምጫለሁ። አንድ በአንድ እናስለካዎታለን። የትኛውም አልሆነኝም ካሉ፣ እኔ አነብልዎታለሁ።